ፊቴን የወሰደው ሐውልት

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሐውልቱ ሁሉ ይቁም ይፍረስ ሲባል፣ የእኛም የላፍቶው አርበኛ አልቀረለትም፤ «ሰውየውን አይመስልምና ይፍረስ» ተባለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አይመስልም። አርበኛው ፎቶግራፍ ስላልነበረው ቀራጩ ጓደኛዬ ሦስት ወር ሙሉ እኔን ፀሐይ ላይ ገትሮ ነው የቀረጸው። ያኔ የቀለጠው ቁመቴ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ነገሩን የሚያጣራ ሰው ከወረዳ ደብተሩን ይዞ መጣ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ቁርጥ እሱን» ብለው ማሉ። የባላቸውን መቃብር እንኳ ያላገኙት የአርበኛው ሚስት፣ እማማ ድንቄ፣ የሐውልቱን ጉንጭ ዳስሰው «ይቺ የጥይት ጠባሳው እንኳ አልቀረችም» እያሉ አለቀሱ። ጠባሳዋ እኔን በቅሎ የረገጠችኝ ናት።

አላስችል አለኝ። አጣሪውን «ልጄ፣ ይኼ እኮ እኔ ነኝ» አልኩትና ባርኔጣዬን አውልቄ ከሐውልቱ ጎን ቆምኩ።

እማማ ድንቄ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ደግሞ፣ በምን ዕድልህ» አሉ።

አጣሪው ጽፎ ሲጨርስ ውሳኔውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ሐውልቱ ትክክለኛ ስለሆነ ባለበት ይቆያል። ሐውልቱ እኔ ነኝ የሚሉት አዛውንት ግን በአስቸኳይ ከቦታው ይነሱ።»