ለአገሩ ባለቤት የተጻፈ ማመልከቻ

የኢሚግሬሽን ፖሊሶች የያዙኝ ከሆቴል የሥራ ሺፍቴ ወጥቼ፣ ላስ ቬጋስ ፓራዳይዝ ሰፈር ያለው አፓርታማዬ በር ላይ ስደርስ ነው። አገሬ ላይ ለተቃዋሚ ፓርቲ በመቀስቀሴ ታስሬ ነበር። ስፈታ ከአገር ወጥቼ ቬጋስ ገባሁና ጥገኝነት ጠየቅሁ።

የታሰርኩበት ክፍል እንደ ካዚኖ ቁማር ቤት ሰዓትም መስኮትም የለውም። መብራቱ አይጠፋም። እንቅልፍና ንቃት ይደባለቁብኛል፤ ግድግዳው አንዳንዴ እንደ ውሃ የሚንቀሳቀስ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሰመመን ውስጥ አማርኛ ሰማሁ። አጠገቤ የተኙ የወሎ ሴት ዱዓ ያደርጋሉ። እትዬ አልኳቸው። ሐሙስ አገር ቤት ሊመልሷቸው ነው፤ ባለቤታቸው እስር ቤት ውስጥ ወደሞቱበት አገር።

«ልጄ፣ ለፕሬዚዳንቱ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አሉኝ። «የአገሩ ባለቤት እሱ አይደል?»

እኔም እንደለመድነው «ከእግርዎ ሥር ወድቄ» ብዬ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ አፈርኩና ተውኩት። ሦስት የወረቀት ኩባያዎች ወለሉ ላይ ደረደርኩ።

«እትዬ፣ እዚህ ባለቤቱ አንድ አይደለም። ይሄ ሕግ የሚያወጣው ኮንግረስ ነው፤ እሱ ራሱ ሁለት ምክር ቤት ነው። ይሄ ሕጉን የሚያስፈጽመው፣ ፕሬዚዳንቱ። ይሄ ደግሞ ፍርድ ቤት።»

«እኔን ያሰረኝ የቱ ነው?»

«የፕሬዚዳንቱ ወገን።»

«ትመለስ ብሎ የፈረደብኝ ዳኛስ?»

የጥገኝነት ጉዳዬን የያዘችው ጠበቃዬ ነግራኝ ነበር። «የኢሚግሬሽን ዳኛ ነው። እሱም በፕሬዚዳንቱ ሥር ነው።»

እትዬ ሳቁ። በዚያ ክፍል የሰማሁት የመጀመሪያው ሳቅ ነው። «ታዲያ ያሰረኝ እግር ሥር ልውደቅ? ያንን ሦስተኛውን ማን ጠየቀው? ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነው እኮ!»

ማመልከቻውን ቀደዱት። አዲሱን ሲያስጽፉኝ «እለምናለሁ» የሚለውን አሰረዙኝ።

«"ስሙኝ" በይ፤ ይበቃል። በአማርኛ ነው ሳይን የማደርገው።»

ቀና ብለው ተቀምጠው፣ ሳይቸኩሉ ስማቸውን ጻፉ። ጠበቃዬ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አስገባችላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሲጠሯቸው ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ። ጠባቂዋ ግን ወረቀት ሰጠቻቸው። አነበብኩላቸው። የፌዴራል ፍርድ ቤቷ ዳኛ ጉዳያቸውን እስክትሰማ ድረስ ከአገር እንዳያስወጧቸው አዛለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዛሬ ሁለታችንም ከእስር ወጥተናል፤ የእሳቸው ጉዳይ ግን ገና አልተዘጋም። ምን እንደሚፈረድ አላውቅም፤ እፈራለሁ። ሁለት አገር ታስሬአለሁ። መንግሥት መንግሥትን «ቆይ፣ መጀመሪያ ልስማት» ሲለው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።