የላኽደር ጥቁር ናስትሮ

ከላኽደር ሱቅ የሚወጣ የጌም ማሽን ሁሉ ካሜራው ላይ ቁራጭ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፎበት ነው የሚወጣው። ገዢው ካርቶኑን ሲከፍት ማሽኑ አንድ ዓይኑን የታሰረ ሰው ይመስለዋል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ "ጉድለት አለው እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። የላኽደር መልስ ያው ነው።

"ጉድለት የለውም። በደንብ ያያል። ችግሩም እሱ ነው።"

ሱቁ በሰሜን አፍሪካዊቷ የወደብ ከተማ አናባ ውስጥ፣ ላ ኮሎን ሰፈር፣ በዳቦ ቤቱና በጫማ ሰፊው መሃል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ላኽደር ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከእሱ የሚያንስ ሁሉ እንደ አባቱ ወንድም ቆጥሮ "ዓሚ ላኽደር" ይለዋል። ካፌ ሲገባ በሩን የሚያሳይ ወንበር ካላገኘ ቆሞ ጠጥቶ ይወጣል። ታክሲ ሲይዝ ደጁ ላይ አይወርድም፤ አንድ መታጠፊያ አሳልፎ ይወርድና በእግሩ ይመለሳል።

ይህ ጠባይ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አገሩ እርስ በርሱ ሲተላለቅ ላኽደር ቴሌቪዥን ይጠግን፣ ዲሽ ይተክል ነበር። ጫካ የገቡት ታጣቂዎች ዲሽን እንደ ኃጢአት ስለሚቆጥሩት ዲሽ ያለበትን ቤት አይምሩም። ሰው ዲሹን ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ ጀርባ፣ ከተሰጣ አንሶላ ሥር ይደብቅ ነበር። ላኽደር በበኩሉ የማንንም ስም ወረቀት ላይ አያሰፍርም። አንድ ቀን ከሰራይዲ ተራራ ሲወርድ ኬላ ላይ አስቆሙት። የለበሱት የወታደር ልብስ ነው፤ ጫማቸው ግን የወታደር አልነበረም።

"ዲሽ የተከልክላቸውን ንገረን" አሉት።

ኪሱን ገለበጡ። የሚነበብ ነገር አላገኙም። ላኽደር አንድ ስም ሰጣቸው፤ የራሱን። ያኔ ቤቱ ከተማው ዳር ነበር። መርቷቸው ሄደ፣ ዲሹን ሰባበሩት፣ ሁለት ጥርሱንም ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለው፤ ጠያቂ ከመጣ የሚጠየቀው አንድ ሰው ይሁን።

ቴሌቪዥን ቀጥኖ ቀጥኖ የማይጠገን ሲሆን ሱቁን ጌም መሸጫ አደረገው። መጀመሪያ ሥራው ቀላል ነበር። ሰው የሰለቸውን ሲዲ ያመጣል፣ ትንሽ ጨምሮ ሌላ ይወስዳል። አንድ የእግር ኳስ ሲዲ ሰፈሩን አዳርሶ፣ ተቧጭሮ፣ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ኋላ ማሽኑን የሚሠራው ኩባንያ ጌሞቹን በኔት መሸጥ ጀመረ። ለዚያ አካውንት ያስፈልጋል፣ ለአካውንቱ የውጭ ካርድ፣ ለካርዱ ደግሞ ኩባንያው የሚቀበለው አገር አድራሻ። ላኽደር ማርሴይ የምትኖር ሳሊሓ የምትባል እህት አለችው። በእሷ ካርድና በእሷ አድራሻ ለሰፈሩ ሰው አካውንት ይከፍት ጀመር። የባለቤቱ ስም በሚለው ቦታ ላይ ግን የደንበኛውን ስም ጽፎ አያውቅም። የራሱን ይጽፋል። ደንበኛው ስክሪን ላይ የሚያየው ራሱ ያወጣውን የጨዋታ ስም ስለነበር የጠየቀ አልነበረም።

ፓስወርዱን የሚጽፈው ደንበኛው ነው። ላኽደር ያኔ ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ክፋቱ፣ የላ ኮሎን ሰው ፊደል ሲለቅም ከንፈሩ አያርፍም። በፈረንሳይኛ አንድ በአንድ ያንሾካሹካል። ላኽደር እንዳይሰማ ሬዲዮ ሞከረ፣ ማፏጨት ሞከረ። ጆሮው ግን የተበላሸ ቴሌቪዥን ጢጥ ሲል ብልሽቱ የት ጋ እንደሆነ በመለየት የኖረ ጆሮ ነው። ብዙውን ሰምቷል። ለማንም አልተናገረም፣ አንዱንም አልተጠቀመበትም። መርሳት ግን አልሆነለትም።

ሰኔ ሲገባ ኩባንያው አዲስ ደንብ አወጣ። ማሽኑ ከኔት ጋር ሳይገናኝ ሲዲ እንኳ አያጫውትም። ሲዲው መጀመሪያ በከፈተው ሰው ይመዘገባል፤ ለሌላ ቢሸጥ አይሠራም። የአካውንቱ ባለቤትም ጌሙ ባለበት ማሽን ካሜራ ፊት ቀርቦ ፊቱን ያሳያል፤ ካላሳየ አካውንቱ ተዘግቶ የተገዙት ጌሞች አብረው ይሄዳሉ።

ወዲያው የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያው የባካሎሪያ ፈተና ደረሰ። ፈተና እንዳይሰረቅ መንግሥት እንደ ልማዱ ቀን ቀን ኔት ቆረጠ። የሰፈሩ ማሽን ሁሉ ዝም አለ። ሱቁ በተቆጣ ሰው ሞላ።

"ሲዲው እጄ ላይ ነው፣ ማሽኑ ቤቴ ነው። ማንን ላስፈቅድ?" ይላል አንዱ።

"አንተ ይሻልሃል" ይላል ናስትሮውን ልጦ የጣለ ሌላው። "እናቴ ሳሎን የምትገባው በሻሽ ሆኗል። ማን አለና ነው ስላት፣ 'ያ የሚያየው' አለችኝ። በገዛ ቤቷ።"

"እናትህ ልክ ናት" አለ ላኽደር። ናስትሮ ቆርጦ ሰጠው። "ውሰድላት።"

በየአገሩ ሰው ተቆጣ። ማሽኑን ሊገዛ የተመዘገበ ስሙን ሰረዘ። የላ ኮሎን ወጣቶችም ኩባንያው ገጽ ሥር በአረብኛና በፈረንሳይኛ ስድባቸውን ደረደሩ። ኩባንያው ጥቂት ተንገዳገደና የሲዲውንና የኔቱን ደንብ አነሳ። በዚያ ቀን ሰፈሩ ቡድኑ ዋንጫ እንደበላ የመኪና ጥሩምባ ነፋ። ላኽደር ከወንበሩ አልተነሳም።

"ሦስት ወስዶ ሁለት የመለሰ ሌባ ነው። እናመስግነው?" አለ።

የቀረው ፊት ነበር። "ለደንበኞቻችን ደኅንነት" የሚለው መልእክት አንድ ጠዋት በየሳሎኑ ስክሪን ላይ ወጣ። አናቱ ላይ "ውድ ላኽደር" ይላል። በሁሉም ቤት።

ሙኒር ወደብ ላይ የጉምሩክ ሠራተኛ ነው። አርባ አልፎታል፣ ካፌው ውስጥ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ከላኽደር ጋር ሲነጋገር ሁልጊዜ ዓሚ ብሎ፣ አንቱ ብሎ ነበር። ያን ቀን ሁለቱንም ቤቱ ትቷቸው ካፌ መጣ።

"ላኽደር፣ ኩባንያው ቤቴ ገብቶ በአንተ ስም ጠራኝ።"

"እኔንም ጠርቶኛል።"

"ጌሙን የገዛሁት እኔ፣ ባለቤቱ አንተ። ነገሩ እንዴት ነው?"

"ለማታውቃቸው ሰዎች ስምህን አሳልፌ ልስጥ?"

"አንተ ስጥ አትስጥ ማን አለህ? ስንት ሰው ነው በስምህ ያለው?"

"ጥቂት።"

"ግማሽ ላ ኮሎን ነው ጥቂት?"

ሰው ሳቀ። ሙኒር አልሳቀም።

"ፓስወርዳችንስ?"

"እኔ ፊቴን አዙሬ አይደለም እንዴ የምትጽፉት።"

"ያዞርከው ፊትህን ነው" አለ ሙኒር። "ሌላውን ማን ያውቃል።"

ላኽደር ስኒውን አነሳ። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር፤ ቢሆንም ጠጣው።

ወሬው ከዚያ ወዲህ የራሱን መንገድ ያዘ። ላኽደር ከኩባንያው ኮሚሽን ይበላል ተባለ። ናስትሮው ሥር ሌላ ካሜራ አለ ተባለ፤ አንዱ ሱቁ ድረስ መጥቶ ላኽደር እያየ ናስትሮውን ልጦ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ መረመረው። ሲዲ የሚቀይሩት ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ላኽደር ሱቁን እየከፈተ በሩን እያየ ይውላል።

ሳሊሓ ከማርሴይ ደወለች።

"ላኽደር፣ እነዚህ ሰዎች ደብዳቤ ጻፉልኝ። ቤትሽ ውስጥ ይሄ ሁሉ ማሽን አለ ይላሉ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ ውስጥ እኔ አለሁ አልኳቸው። ደግሞ ላኽደር የሚባለው ሰው እንቅልፍ የለውም ይላሉ። ጎህ ሲቀድ ኳስ፣ ቀን አሻንጉሊት ማልበስ፣ ሲመሽ መተኮስ። ምን ነክቶሃል?"

"እኔ አይደለሁም፣ ሰፈሩ ነው።"

"ታዲያ ሰፈሩ ነው በላቸው።"

"አልልም።"

"እንግዲያው ፊትህን አሳይና ይብቃ። ስድሳ ሊሞላህ ነው። ማን ይሰርቀዋል ያንን ፊት?"

ላኽደር ፊቱን ለምንም ካሜራ ወድዶ ሰጥቶ አያውቅም፤ ለመታወቂያ ካርድ እንኳ ሲነሳ አኩርፎ ነው። ግን ሌላ በር አልነበረም። እሱ ፊቱን ካላሳየ የሰፈሩ ጌም ሁሉ ይጠፋል፣ ሌባነቱም ይጸድቃል። አርብ ከስግደት በኋላ ከከባዱ ቤት ለመጀመር ወሰነ። ሙኒር ካመነው ሌላው ይከተላል። ካላመነው ሱቁን ለጫማ ሰፊው አከራይቶ ቤቱ መቀመጥ ነው።

ሙኒር በሩን ከፍቶ "ግባ" አለው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የሙኒር ሚስት ሐኪማ ከኩሽና ሆና "እንኳን ደህና መጡ ዓሚ ላኽደር" አለች። ጠረጴዛው ላይ እንደ ሳምቡሳ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ቡሬክ ነበር። ላኽደር ከቡሬኩ በፊት ያየው ካሜራውን ነው። ናስትሮው እንዳለ ነው። ካፌ ውስጥ ያን ሁሉ የተናገረው ሰው አላነሳውም።

ሙኒር ቡሬክ ጎረሰ። "በል ክፈተው።"

"ፓስወርድ ይጠይቃል።"

"ጻፋ።"

"ያንተ ነው እኮ።"

"እጄ ዘይት ነው። ጻፍ።"

ላኽደር ጆይስቲኩን አየ፣ አልነካውም። እነዚያ ጫማቸው የወታደር ያልነበረ ሰዎች ያስቆሙት መንገድ ላይ ተመልሶ የቆመ መሰለው። ፓስወርዱን ያውቀዋል። አካውንቱን ሲከፍቱ ሙኒር እንደ ሌላው ሁሉ ከንፈሩን አላሳረፈም። የሴት ስም ነው፤ ሶራያ። የዚህ ቤት ሴት ደግሞ ሐኪማ ናት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሳህን እያጠበች።

"አላውቀውም።"

"ሞክር።"

"የማላውቀውን ምን ብዬ ልሞክር?"

ሙኒር፣ ወደብ ላይ ሻንጣ ሲያስከፍት እንደሚያየው፣ ዓይኑን ሳይነቅል አየው። ላኽደር ፊቱ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ይህን የተማረው ጥርሱን ከፍሎ ነው።

ሙኒር እጁን ጠረገና ጆይስቲኩን አነሳ። ላኽደር እንደ ልማዱ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ግድግዳው ላይ የሙኒርና የሐኪማ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል።

"ኤስ" አለ የሙኒር ከንፈር ከኋላው። "ኦ…"

ከኩሽና የሳህኑ ድምፅ ቆመ። የሐኪማ ጫማ ወደ መጋረጃው ቀረበ።

"ኤር…"

ላኽደር ሳለ። ጉሮሮው ደህና ነበር። ደግሞ ሳለ፣ ረጅም፣ ግድግዳው እስኪመልስለት።

"ውይ፣ ውሃ ላምጣልዎ?" አለች ሐኪማ ከመጋረጃው ጀርባ።

"አምጪልኝ ልጄ።"

ጫማዋ ተመለሰ። ከኋላው ሹክሹክታው ጠፍቶ ነበር። ላኽደር አልዞረም። ሙኒር ጀርባውን እያየው እንደሆነ ግን ሳይዞር አወቀ። ከዚያ የጆይስቲኩ ቁልፍ ብቻ ተሰማ፣ ያለ ከንፈር።

"ጨርሻለሁ" አለ ሙኒር። ድምፁ ወርዷል።

ላኽደር ተቀመጠ፣ ናስትሮውን ላጠ፣ ካሜራው ሲያየው አየው። መብራቱ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ዞረ። ስክሪኑ ላይ በትልቁ "እንኳን ደህና መጣህ፣ ላኽደር" የሚል ወጣ።

ሐኪማ ውሃውን ይዛ ገብታ አነበበችው። "እኛስ? ኪራይ ልንከፍል ነው?"

ሙኒር ሊስቅ ሞከረ፣ አልመጣለትም። ላኽደር ውሃውን ጠጣ፣ ከኪሱ አዲስ ናስትሮ አውጥቶ ካሜራው ላይ ለጠፈና ተነሳ።

በሩ ላይ ሙኒር ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዓሚ ላኽደር፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

ሙኒር ወደ ሳሎኑ ዞር ብሎ አየ። ጥያቄውን ተወው። "ቀጥሎ የሚሄዱት ማን ጋ ነው?"

"ዳቦ ቤቱ ጋ።"

"ጫማዬን ላድርግ፣ አብሬዎት እመጣለሁ። እርስዎ ብቻዎን ቢሄዱ አያምኑዎትም።"

ሊመሰክርለት ይሁን ምስጢሩን እንዳያወጣ ሊጠብቀው ላኽደር መለየት አልቻለም። ደረጃውን ወርደው መንገድ ሲገቡ ሙኒርን ፊት አስቀድሞ እሱ ከኋላ ሄደ።