ፀሐይ ላይ የተሰጣ ባትሪ

የልጅ ልጄ የሬዲዮኑን ባትሪ መስኮቱ ላይ ለፀሐይ ስታሰጣ ሳይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ።

ልጅ ሆኜ መርሳ ከተማ ሳለን ለትምህርት ቤታችን ቲያትር የለቅሶ ድምፅ መቅዳት ነበረብን። መምህራችን ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቴፕ ተዋሱ። አዲስ ባትሪ መግዣ ስላልነበረን የደከመውን ባትሪ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ አስጥተን እያገላበጥን አሞቅነው። በሙሾ የታወቀችው አልቃሽ ደግሞ እናቴ ነበረች።

«ሰው ሳይሞት ሙሾ ላወርድ? ሟርት ነው!» አለቻቸው።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ባትሪው ሳይደክም ትንሽ ብቻ» አሏት መምህሩ።

እናቴ ወደ መንገዱ አየች። ከዚያ ደረቷን መታችና የወንድሜን የአያሌውን ስም ጠራች። አያሌው በመኪና ረዳትነት አሰብ እንደሄደ ቀርቷል፤ እሷ ግን እስከዚያ ቀን «ይመጣል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ጎረቤቶች መርዶ የመጣ መስሏቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እየሮጡ ገቡ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ቴፑንና እናቴን አፈራርቄ አያለሁ።

መምህሩ ደንግጠው «የቀዳሁትን ላጥፋው?» አሏት።

«ይተዉት። መቃብር የለው፣ እዚያ ውስጥ ይረፍ።»

ያኔ ቃሏ አልገባኝም።

ከቲያትሩ በኋላ ሾፌሩ ቴፑን ከነካሴቱ ወሰደና በሙሾው ላይ ዘፈን ቀዳበት። መኪናው ያን ዘፈን እያሰማ በመርሳ ባለፈ ቁጥር እናቴ ደጅ ወጥታ ነጠላዋን ትዘቀዝቅ ነበር።

አሁን ባትሪው ሞቀ መሰለኝ፣ የልጅ ልጄ ሬዲዮኑን ከፈተችው። ዘፈን ነው። እጄ ሳላዘው ወደ ነጠላዬ ሄደ።