በናፍጣ እሳት የጋገርኩት ካፊል

የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን ሲጀምር ሁለቱም እጆቼ በናፍጣ ተነክረዋል... ሰይድ ደግሞ ያረረ ዳቦ ታቅፎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ነገሩ የሆነው ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር ነው፤ የሞባይል ሱቅ በየጥጉ እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት ዘመን። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፣ ዳቦ ጋጋሪ። ምድጃው የከሰል ነበር። ጭሱ የጎረቤቱን ልብስ ሁሉ ከተሰጣበት እያጠቆረ ስሞታ ሲበዛ፣ ካፊሉ፣ ማለትም ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በእጁ ያለው አሰሪው፣ በዋዜማው መጥቶ ቁርጡን ነገረው።

«ነገ ከዙሁር በኋላ እመጣለሁ። ያለ ጭስ የተጋገረ ደህና ዳቦ ካሳየኸኝ ጥሩ። አለዚያ ኸላስ! ምድጃው ፈርሶ የሞባይል ሱቅ ይሆናል፣ አንተም አገርህ ትገባለህ።»

እኔ መላዝ የሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነኝ። ምን አገባኝ? ግን ብረት ሳይ እጄን ይበላኛል። ትምህርቴም ሬዲዮ ፈትቶ መግጠምና ብሎን ማትረፍ ነው።

«ሰይዶ፣ ምድጃህን በናፍጣ አነድልሃለሁ» አልኩት።

«ጋሼ፣ አንተ የነካኸው ነገር መቼ ድኖ ያውቃል?»

«ካልዳነማ ከሞባይል ሱቁ የመጀመሪያውን ቀፎ እገዛልሃለሁ።»

የሠራሁት ነገር ቀላል ነው። ናፍጣ ከጣሳ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ይላል። አሰሪዎቼ የጣሉት የምንጣፍ መጥረጊያ ሞተር ከኋላ ንፋስ ይነፋል። ሁለቱ ወፍራም ብረት ውስጥ ይገናኙና ከሰል በሚጨመርበት በር ወደ ምድጃው ይገባሉ። እንግዲህ ይኸው ነው በርነሬ።

በጨርቅ ለኮስኩት። መጀመሪያ አነጠሰ... ቀጥሎ አሳለ... ከዚያ አገሳ!

እናንተ ቁልፍ ተጭናችሁ ምድጃ የምታሞቁ ልጆች አይገባችሁም። ከጣሳ ጠብ የምትል፣ እንባ የምታክል ነገር፣ ነፋስ ሲያገኛት እንደ ክረምት ወንዝ እየጮኸች ምድጃውን ሞላችው። እሳቱ ከነጭነቱ የተነሳ አያሳይም። ጭስ? ወጥቼ ጣሪያውን አየሁ፣ ምንም! ሰይድ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዶ ዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለና «ሱብሃነላህ» አለ። እኔም አማተብኩ።

ችግሩ ዳቦው ነው። ያ እሳት ዳቦ አያበስልም፣ ይገርፋል። ናፍጣውን ስቀንሰው ይጠፋል፣ ስጨምረው ያሳርራል። ከላይ ጥቁር፣ ከውስጥ ሊጥ። ሰይድ አንዱን ሰብሮ አፍንጫዬ ስር አስጠጋው።

«ከሰሉን ከምድጃው አውጥተህ ዳቦው ላይ አመጣህልኝ?»

አዛኑ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ሪያድ ውስጥ በሶላት ሰዓት ከፍቶ የሚቆይ ሱቅ የለም። «ያላ፣ አጥፋው!» አለኝ። ናፍጣውን ዘጋሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ። ሰይድ ወደ መስጊድ ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ዞረ።

«እኔ ዱአ አደርጋለሁ። አንተም የራስህን ጸልይ። ሊጡን ግን እንዳትነካ!»

እኔን ውስጥ ትቶ የብረት መጋረጃውን አወረደው። በሶላት ሰዓት መንገድ ላይ መታየት ለእኛ ለክርስቲያኖቹ አይመችም።

አሁን «እንዳትነካ» ተብዬ ላልነካ ነው? በጭላንጭሉ ሊጥ ቆረስኩና ካፊሉን ሠራሁት። ትልቅ ሆድ፣ ሁለት ሰፋፊ ጆሮ፣ ወደ ላይ የተጠቀለለ ጢም። ሰይድ አገሩ ቢገባ እንኳ ስቆ ይግባ ብዬ ነው። ከዚያ ወደ ጠፋው ምድጃ ከተትኩት።

እና... ዝምታው መጣ።

ሞተሩ ሲጮህ ያልሰማሁትን ሰማሁ። ጡቦቹ ቀስ እያሉ ጠቅ... ጠቅ... ይላሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነበልባል የሚባል የለም፤ ግን የምድጃው ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል፤ እሳቱ የሄደ መስሎኝ ለካ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሙቀቱ ፊቴን አይገርፈኝም፣ እንደ እናት እጅ ይዳብሰኛል። ከውጭ የኢማሙ ድምፅ ይሰማል፣ ከውስጥ የጡቡ። ሳላስበው ጫማዬን አውልቄ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ሽታው መጣ። ናፍጣ ያልነካው፣ የዳቦ ሽታ።

በአካፋው ሳብ አደረግኩት። ካፊሉ ወርቅ መስሎ ወጣ! ሆዱን በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ከበሮ ድም አለ። በስሏል፣ እስከ ውስጡ።

ደስታዬን ሳልጨርስ መጋረጃው ተነሳ። ሰይድ ነው... ከኋላው ደግሞ ከመስጊድ አብሮት የወጣው ካፊሉ። ያው ሆድ፣ ያው ጢም።

«ጭስ አላየሁም» አለ ካፊሉ። «ዳቦውስ?»

ሰይድ ያረረውን ክምር አየ፣ ቀጥሎ እጄን አየ። ፊቱ ዱቄት መሰለ። በአማርኛ «ጋሼ... ያ ነገር እሱ አይደለም በለኝ» አለ።

ካፊሉ ከእጄ ወሰደው። አገላበጠው። የዳቦውን ሆድ አየ፣ የራሱን ሆድ አየ። አንዱን ጆሮ ቆረሰና አሸተተው፣ አኘከው... ቆየት ብሎ ሁለተኛውንም ጆሮ ቆረሰ።

«ጢሜን አብዝተኸዋል» አለኝና የቀረውን በክንዱ ስር ይዞ ወጣ።

ምድጃው አልፈረሰም። ከዚያ በኋላ ሰይድ ከአዛን በፊት እሳቱን ያስጮኻል፣ አዛን ሲል ያጠፋና ዳቦውን ከትቶ ይሄዳል፤ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ትኩስ ዳቦ ይጠብቀዋል። እሱ «ዱአዬ ነው» ይላል፣ እኔ «ሊጡን ስለነካሁ ነው» እላለሁ።

እሳቱ ጠፍቶ ጡቦቹ ጠቅ ጠቅ ማለት ሲጀምሩ ግን፣ ይህን ክርክር በሹክሹክታ ነው የምንቀጥለው።