የልጄ ልብና የሩጫ ክለቧ

የመጀመሪያው ምልክት ደረጃ ላይ መቀመጧ ነበር። እዚህ ውጭ አገር፣ ኤሪን ውድስ የሚባል ሰፈር፣ ቤዝመንት (ከቤት ሥር ያለ ምድር ቤት) ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ልጄ ሶልያና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነበር የምትወጣው። ያን ሰሞን መሐል ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ስትሰበስብ አየኋት። ቀደም ብሎ ኃይለኛ ጉንፋንና ትኩሳት ይዟት ስለነበር፣ ገና አልለቀቃትም ብዬ ዝንጅብል አፈላሁላት።

ሶልያና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ዝምተኛ ነበረች፤ ሰው ስሟን ሲጠይቃት እንኳ ዞራ እኔን ታያለች። ትምህርት ቤቷ ከክላስ በኋላ ለሴቶች ልጆች ነጻ የሩጫ ክለብ ሲከፍት ያስገባኋት፣ ሰንሪጅ ሰፈር ካለው ሥራዬ እስክመለስ የምትቆይበት ታግኝ ብዬ እንጂ ለሩጫው አልነበረም። በክለቡ አንደኛ የሚባል የለም። ሁለት ሁለት ሆነው ይሮጣሉ፤ አንዷ ስትቆም ሌላዋም ትቆማለች። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሩጫ ነው ብዬ ስቄባቸው ነበር። ግን ትንሽ ቆይቶ ልጄ እራት ላይ ማውራት ጀመረች። ባስ ውስጥ ቦርሳውን መቀመጫ ላይ ያስቀመጠውን ሰውዬ አንሣልኝ ስትለው ደነገጥኩም፣ ኮራሁም።

ደረጃው ላይ ተቀምጣ ባየኋት ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ሥራ ላይ ተደወለልኝ። ጂም ውስጥ ወድቃለች። አብራት የምትሮጠው ሃፍሳ ወዲያው ቆማ አሠልጣኟን ጠርታለች። አምቡላንስ መጥቷል።

ኢመርጀንሲ ደረስኩ። ደረቷ ላይ ሽቦ ተለጣጥፏል። ደም ወሰዱ። ኢኮ የሚሉትን የልብ አልትራሳውንድ አነሷት። ዶክተሯ ልትነግረኝ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ መቀመጧን አልወደድኩትም።

"ማዮካርዳይተስ ይባላል" አለችኝ። "የጉንፋኑ ቫይረስ የልቧን ጡንቻ አስቆጥቶታል። ልቧ ደክሟል። ትድናለች ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም።"

አይ.ሲ.ዩ.፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አስገቧት። ፈራሁ። የተሳልኩትን አልጽፍም።

ልቧ ቀስ እያለ በረታና ቤት ገባን፤ ግን መሮጥ፣ መዝለል፣ የትምህርት ቤት ስፖርት እንኳ ለወራት ተከለከለች። ክለቡ ባለበት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። የለመድኩት ድምጿ ጠፋ። እኔ ደግሞ አባባስኩባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን እንተርታለን፣ ግን እንደብቃለን፤ ልቧን የታመመች ሴት ልጅ ነገ ማን ያገባታል ይባላል። ለጠየቀኝ ሁሉ ጉንፋን ነው አልኩ፤ እሷም እንዲሁ እንድትል ነገርኳት። ከሕመሙ ይልቅ ያ ዝምታዋ የማይመለስ እየመሰለኝ እቃጠል ነበር።

ከወራት በኋላ ኤም.አር.አይ. ስትነሣ ልቧ ላይ ጠባሳ ታየ። የልብ ሐኪሙ ሩጫውን ማቆም እንዳለባት፣ በእግር መሄድ ግን እንደምትችል ነገረን። መኪና ውስጥ አለቀሰች። አሠልጣኟ ይህን ስትሰማ ቤታችን ድረስ መጥታ፣ ክለቡ ውስጥ በእግሩ ለሚሄድም ቦታ አለ አለቻት። ሃፍሳም አንዱን ዙር ከሷ ጋር በእግሯ መሄድ ጀመረች። ሁለቱንም፣ ሌሊቱን ከአጠገቧ ያልተለዩትን ነርሶችንም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ። ልጆቻችሁ ትኩሳት ይዟቸው ከነበረ ሳያገግሙ አይሩጡ። ደረታቸውን ካመማቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ፣ ይሻላቸዋል ብላችሁ ቤት አትጠብቁ።

በቀደም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ አስካለ "ሩጫው እንዴት ነው የኔ ልጅ?" አሏት። እኔ ስለ ጉንፋን ልጀምር ስል ሶልያና ቀደመችኝ።

"እትዬ፣ ከእንግዲህ አልሮጥም። ሃርቴ፣ ልቤ፣ ታሞ ነበር፣ ጠባሳ አለው። አሁን ዎክ ነው የማደርገው።"

አንገቷን አልደፋችም። እኔ ደፋሁ።

እትዬ አስካለ እጇን ይዘው በነጠላቸው ሥር ደረታቸውን አስነኳት። ፔስሜከር፣ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ነው። ስንት ዓመት አብረን ስናስቀድስ አላወቅኩም።

"ከልጆቼ በቀር ለማንም አልተናገርኩም" አሏት።

"ያስፈራዎታል?" አለቻቸው።

"ማታ ማታ።"

"እኔንም" አለች ልጄ።

እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ብዙ አወሩ። ራቅ ብዬ ጠበቅኳቸው። ሩጫዋ አልተመለሰም፣ አይመለስምም፤ ይህ አሁንም ያመኛል። ለእናንተ የምለው አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ልጃችሁ ሕመሟን ልትናገር አፏን ስትከፍት አትቅደሟት።