ከነልጣጩ የተመዘነ

ቤሪል ትሬልፎል በሰው ወንበር ላይ አትቀመጥም ነበር። በእንግሊዝ አገር በሞርካም ከተማ፣ በባሕር ዳሩ መንገድ ላይ የተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ ጀርባቸው ላይ የሟች ስም የተቀረጸበት ትንሽ የናስ ሰሌዳ አላቸው። ሌላው ሰው ስሙን ሳያነብ ዘፍ ብሎ የተጠበሰ ድንቹን ይበላል። እሷ ግን ታጣፊ የወጥ ቤት ወንበሯን በብብቷ ሸጉጣ ትመጣና፣ ከአንደኛው አግዳሚ ጎን ዘርግታ፣ ወደ ባሕሩ ዞራ ትቀመጣለች። የሚያልፉት ትንሽ የነካት ሴት ትመስላቸው ነበር።

ጎረቤቴ ነበረች፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሁለታችንም በአሥራ አምስት ዓመታችን ትምህርት ቤቱን ትተን ሽሪምፕ የሚባለውን ጣት የማያህል ባለ ልጣጭ የባሕር እንስሳ መላጥ ጀመርን። ወንዶቹ ከባሕር ወሽመጡ አጥምደው፣ እዚያው ጀልባው ላይ ቀቅለው ያመጡልናል። እኛ ሴቶቹ በየወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ራስና ጅራቱን ይዘን ጠምዘዝ እናደርግና ሥጋውን እናወጣለን። ቤሪልን የሚቀድማት አልነበረም። እያወራች፣ እየሳቀች፣ እጇን ሳታይ ትልጣለች። አዲስ የተቀጠረች ልጅ የሞላ ቅርጫት አይታ ዓይኗ ከበራ፣ ቤሪል ቶሎ ብላ፣

«ከነልጣጩ አትመዝኚ የኔ ቆንጆ። ያንቺ የሚባለው ተልጦ የተረፈው ነው» ትላታለች።

እውነቷን ነው፤ የሚከፈለን በተላጠው ሥጋ ሚዛን ነው። ያ ሁሉ ቅርጫት ተልጦ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቢሞላ ነው።

ባሏ ዊልፍ አጥማጅ ነበር። በአንድ የመጋቢት ጠዋት ጉም እንደወረደ ወጣ። ጀልባዋን ባዶዋን አገኟት፤ እሱን ግን አላገኙትም። የኛ ወሽመጥ አሸዋው ይውጣል፤ የዋጠውን አይመልስም። ስለዚህ ዊልፍ መቃብር የለውም። ቤሪል በሙት ዓመቱ አበባ ይዛ ከባሕሩ ግንብ ላይ ትወረውራለች፤ ማዕበሉም መልሶ እግሯ ሥር ያመጣዋል።

«አልወደደውም» ትለኛለች። «ድሮም አበባ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ፣ እኔ ፍየል ነኝ ወይ ይለኝ ነበር።»

እስቃለሁ፤ እሷም ትስቃለች። ግን ሄዳ አጠገቡ የምትቀመጥበት ቦታ ማጣቷ ሲያንገበግባት ኖሯል። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዊልፍ ጀልባ ትታሰርበት ከነበረው ቦታ ፊት ለፊት፣ ስሙ የተጻፈበት አንድ አግዳሚ። ቦታው ሁሉ ተይዟል እየተባለች ዓመታት ተራ ጠበቀች።

በዚያ መሀል ያጽናናት ቢንጎ የሚባለው የቁጥር ዕጣ ጨዋታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ እንሄዳለን። የተጠሩት ቁጥሮች ካርድሽን ሲሞሉት «ቤት» ብለሽ ትጮኺያለሽ። አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ተቆጣጣሪዋ መጥታ ቁጥሮችሽን ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ወዲያው ገንዘቡ መዳፍሽ ላይ ይቀመጣል። የተጮኸ የተከፈለ ነው፤ ሕጉ ይኸው ነበር። ኋላ አዳራሹ ተዘጋና የምንጣፍ መደብር ሆነ። ሴቶቹም በየቤታቸው እየተቀመጡ ለቁማር ስልካቸው ላይ ማቀርቀር ጀመሩ።

አንድ ሰኞ ቤሪል ሮጣ መጣች። ከማዘጋጃ ቤት ደውለውላት ኖሯል፤ አንድ አግዳሚ ተነሥቶ ቦታው ተለቋል፤ ቦታውም እሷ የምትለው ራሱ ነው። ቅድሚያ ሁለት መቶ ፓውንድ እስከ አርብ ከከፈለች ሌላውን ቀስ እያለች ትጨርሳለች።

«አለሽ?» አልኳት።

«የሻይ ቆርቆሮው አለ።»

በቆርቆሮው ውስጥ ያለው የመቀበሪያዋ ገንዘብ ነው። እኛ ዘንድ ደሃም ቢሆን በራሱ ገንዘብ ነው የሚቀበር፤ ያንን ነክቶ መሞት ነውር ነው።

«እሱንማ አትነኪውም» አልኳት።

«አልነካውም። ዊልፍ ራሱ ተነሥቶ ይገርፈኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ድስት ሳጥብ፣ ከግድግዳው ወዲያ «ቤት!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እጄን ሳላደርቅ ሄድኩ። ስልኳን ከስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋዋለች። ለሚመዘገብ ሁሉ ሃምሳ ነጻ ዙር፣ ከኪስ ምንም አይወጣም የሚል የስልክ ቁማር ማስታወቂያ አይታ ተመዝግባ ኖሯል። ፍራፍሬውና ደወሉ እየተሽከረከረ ሄዶ ሄዶ፣ የስልኩ መስኮት ላይ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ፓውንድ ቆሟል።

«አየሽው ማቪስ? ዊልፍ ነው የላከው።»

እዚያው እንደቆመች ማዘጋጃ ቤት ደወለች። «የባሌን ስም ጻፉልኝ» አለች፤ ፊደል በፊደል አስጻፈቻቸው። ከዚያ ገንዘቡን ላኩልኝ የሚለውን ብትጫን እምቢ አለ። ደግማ ብትጫንም እምቢ። ወደ ድርጅቱ ስትደውል አንድ ልጅ አነሣ።

«እንኳን ደስ አለዎት ወይዘሮ ትሬልፎል። ይሄ ግን የጉርሻ ገንዘብ ነው።»

«ጉርሻ ከሆነ አፌ ውስጥ አስገቡታ፣ የኔ ልጅ።»

«ለማውጣት መጀመሪያ አርባ ጊዜ መጫወት አለብዎት።»

«አርባ ጊዜ ልጫን? እሱማ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።»

«አይደለም፣ የገንዘቡን አርባ እጥፍ አስይዘው መጫወት ነው። በሰባት ቀን ውስጥ። ሲመዘገቡ ተስማምተዋል።»

ቤሪል ወደኔ ዞረች። የዳቦ ወረቀት ላይ ደመርኩ፤ ከስምንት ሺህ በላይ መጣ።

«ስምንት ሺህ ፓውንድ ቢኖረኝ ላንተ እደውላለሁ?» አለችው። «ቢንጎ ላይ እኮ የተጮኸ የተከፈለ ነው።»

«ምን ላይ አሉኝ?» አለ ልጁ። አልፈረድኩበትም፤ አዳራሹ ሲዘጋ ገና ሕፃን ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ስሙን አስጽፋለች፤ አፍራ ልትመለስ አልፈለገችም። ተቀምጣ መጫን ጀመረች። እኔም ሻይ እያፈላሁ አጠገቧ ነበርኩ። አንዳንዴ ደወሉ ይጮህና ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ያኔ ፊቷ ይፈካል። መልሶ ይወርዳል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ አይነጥቅሽም። የሰጠሽን እያመላለሰ፣ በተመላለሰ ቁጥር ቆንጠር እያደረገ ያስቀራል። ቀዳዳ ባልዲ ይዘሽ ከወደቡ እስከ ቤትሽ አርባ ጊዜ ውኃ እንደማመላለስ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ነገር ስልክ ውስጥ ገብቶ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ወዲያው ሌላ መልእክት መጣ፤ ሃምሳ ፓውንድ ቢያስገቡ መቶ ነጻ ዙር እንሰጥዎታለን ይላል።

ቤሪል ተነሥታ የሻይ ቆርቆሮውን አወረደች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ከፈተችው። ገንዘቡ በላስቲክ ታስሮ ይታያል።

«ቤሪል» አልኩ።

«ዝም በይ እስቲ።»

ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው፤ እጆቿ ግን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሆነው አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ ይላሉ። ምንም ሳይኖር ስትልጥ አየኋት። እሷም ቀና ብላ እጇን አየችው።

«ከነልጣጩ ነው የመዘንኩት፣ ማቪስ» አለች።

ክዳኑን ገጠመችው።

«በዚህ ዕድሜዬ። ልጆቹን ስንት ዘመን አታድርጉ እያልኩ።»

«ተልጦስ ምን ተረፈ?» አልኳት፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«ባዶ ሳህን ነዋ። እሱም የራሴ ሳህን።»

አርብ አብሬያት ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ጥሩ ካፖርቷን ለብሳለች። ጽሕፈት ቤት ላለችው ሴት፣

«ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ባሌ መቀመጥ አይወድም። ዘንግቼው ነው» አለቻት። ከበሩ ወጥተን ጥጉን እስክንዞር አላለቀሰችም።

አግዳሚውን ከቦልተን ከተማ የመጡ ሰዎች ወሰዱት። ሰሌዳው፣ በየበጋው እየመጣ ይህን ባሕር ይወድ ለነበረ አባታችን ይላል። ቤሪል አንብባው፣ «በየበጋው ይመጣ ነበር፤ የኛው ደግሞ በየቀኑ ይሄድ ነበር» አለች፤ ከዚያ በኋላ ክፉ ቃል አልተናገረችም። በሳምንቱ ታጣፊ ወንበሯን ይዛ ወጣች። ጉልበቷ እስከከዳት ድረስ ከዚያ ቦታ አልቀረችም።

አንድ ቀን አብሬያት ቆሜ ሳለ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰውዬ፣

«እትዬ፣ ምን ያንገላታዎታል? አግዳሚው ላይ ይቀመጡ እንጂ፣ ነጻ ነው» አላት።

«አመሰግናለሁ ልጄ» አለችው። «ነጻ ነገር አንዴ ቀምሼ በቅቶኛል።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ሄደ።

ስታርፍ የሻይ ቆርቆሮው ሙሉውን ቀብሯታል፤ ከማንም አልተለመነላትም። ወንበሯን ለኔ ተወችልኝ። የወንበሯ አንድ እግር ይነቃነቃል። በመጋቢት ይዣት እወርድና ከቦልተኑ ሰውዬ አግዳሚ ጎን እዘረጋታለሁ። ወንበሯ ላይ የተጻፈ ስም የለም፤ የማን እንደሆነች የሚያውቅ ከኔ ወዲያ ስለማይኖር ነው እዚህ የጻፍኩት። የዊልፍ ትሬልፎል ወንበር ናት።