ባለወፍጮው ሄድፎን ሲመርጥ

የሰፈሩ ሰው «ምናልክ» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ወፍጮ ቤት ቆሞ ስለኖረ፣ ሰላም ሲሉት እንኳ መልሱ «ምን አልክ?» ነውና ስሙ በዚያው ጸና። እሱ በዚህ ቅር አይለውም። ቅር የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ለማንም ተንፍሶ አያውቅም።

ሚስቱ ልጃገረድ ሳለች የዘፈነችው ዘፈን በካሴት ተቀርጾ ኖሮ፣ ልጃቸው ሰሞኑን ስልክ ላይ ገለበጠችላቸው። መሃል ላይ ሳቋ ያመልጣታል አሉ። አሉ ነው እንግዲህ፤ እሱ ድሮ በቴፑም ሆነ አሁን በስልኩ ሳቁን አንድም ቀን አልሰማውም። ቤተሰቡ ሲስቅ እሱም ከአንገት በላይ ይስቃል። «እዚህ ጋ እኮ ያሳቅከኝ አንተ ነህ» ሚስቱ ስትለው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ራሱን ይነቀንቃል። ጆሮዬ ጨርሶ አልቆለት ይሆን? ይቺን ሳይሰማ መሞቱ ነው የሚያንገበግበው።

ጥሩ ሄድፎን ባደርግስ ብሎ አሰበ። የጫማ መግዣ ብሩን ያዘና፣ አፉን የከፈተ ጫማውን እየጎተተ ሱቅ ገባ።

ሻጯ ጆሮው ላይ መብራት የሚያበራ አንዱን አደረገችለት። «ቤዙን ይስሙት፣ ጋሼ።» ጭንቅላቱ ውስጥ በሙቀጫ የሚወቅጡ መሰለው።

«የኔ ልጅ፣ ዘፈኑ ይቅርና ይሄን ክፈቺልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጣት። ጠዋት የቀዳው የገዛ ወፍጮው ድምፅ ነበር። ሻጯ ሰውየው ጤናም የለው ብላ ባልደረባዋን አየቻት። እሱ ግን ምኑ ሞኝ ነው? ድንጋይ መደነዙን፣ ቺንጋ የሚሉት የሞተር ቀበቶ መላላቱን በድምፅ የሚለይ ሰው፣ ዕቃ በምን ይፈትን?

ውዱ ሄድፎን ወፍጮውን የሠርግ ከበሮ አደረገው፤ ቺንጋውን ውሃ በላው። ሁለተኛው ሁሉንም አደባልቆ አቦካው። ሦስተኛው ከመደርደሪያው ጥግ የወጣ፣ አቧራ የጠጣ፣ ጥቁር ተራ ነገር ነው። ሲያደርገው ድንጋዩ ለብቻ፣ ዱቄቱ ከረጢት ውስጥ ሲወርድ ለብቻ፣ ቺንጋው ሲያፏጭ ለብቻ ተሰማው።

«ቺንጋው ሊበጠስ ነው!» ብሎ በወፍጮ ቤት ድምፁ ጮኸ። አንዲት ገበያተኛ ልጇን አንጠልጥላ ወደ በሩ ሮጠች። ይቅርታ ጠይቆ ከፈለና፣ ጮቤ እየረገጠ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

ሚስቱ ልብስ እያጠፈች ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሄድፎኑን አደረገና ዘፈኑን ከፈተ። ዘፈኑ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ሳቋ መጣ። ቀጭን ሳቅ ናት፣ ልትታፈን ስትል የምታመልጥ፤ ከሳቋ ኋላ ትንፋሿን ስትሰበስብ ሳይቀር ተሰማው።

«ሰማሁት!» አለ። ጆሮው ተደፍኖ ስለነበር የሚያንሾካሹክ መስሎታል። «ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ዋሽቼሻለሁ፣ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር!»

ጎረቤት መስኮቱን ከፈተ። ሚስቱ የያዘችውን አንሶላ ጥላ፣ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ተከፍቷል፤ እሱ ግን ምንም አይሰማም።

ሄድፎኑን ከራሱ ላይ መንጭቆ አወለቀና አጠገቧ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ዘፈኑን ማን ይስማው፤ እሷ ስትስቅ ሲሰማ ቆየ።